ብቻዬን ስጓዝ ከሆቴል ይልቅ አልጋና ቁርስ የምመርጠው ለምንድን ነው? የእናንተስ ልምድ?

አንድ ሻንጣ

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በሥራም በዕረፍትም አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነው የምጓዘው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሆቴል ሌላ ማረፊያ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ምርጫው በእኔ እጅ እስከሆነ ድረስ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚኖሩበትን፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሉትንና ጠዋት ቁርስ የሚያቀርበውን ቤት፣ አልጋና ቁርስ የሚባለውን፣ አፈላልጌ አርፋለሁ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ሕመም ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ ከመቶ በላይ ክፍሎች ባሉት ሆቴል አርፌ ሳለ ኃይለኛ ትኩሳት ያዘኝ። «አትረብሹኝ» የሚለውን ካርድ በሩ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ለማንሣት እንኳን አቅም አጣሁ። አንድ ቀን ተኩል እንዲሁ አለፈ። ማንም አላንኳኳም። ሆቴሉን አልወቅስም፤ ካርዱን የሰቀልኩት እኔው ነኝ፣ ሠራተኞቹም የተጻፈውን አክብረዋል። ነገር ግን ተሽሎኝ ወደ ታች ስወርድ የእንግዳ መቀበያው ወጣት በትሕትና «ቆይታዎ እንዴት ነበር?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ባልነቃ ኖሮ የሚታወቀው ክፍሉን የማስረክብበት ሰዓት ሲያልፍ ነበር።

በዓመቱ በሌላ አገር አራት ክፍሎች ብቻ ባሉት ቤት አረፍኩ። በሦስተኛው ቀን የእግር ጉዞ አድክሞኝ ስለነበር እንቅልፍ ጣለኝና ከቁርስ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። የቤቱ እመቤት ነበሩ። በሩን አልከፈቱም፤ ከውጭ ሆነው «ደህና ነሽ? ቁርስሽን ላቆይልሽ?» ብቻ አሉኝ። ደህና መሆኔን ስነግራቸው ወዲያው ሄዱ።

ብቻዬን ስጓዝ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው ይህንን ሆኗል፤ አለመምጣቴን የሚያስተውል ሰው። የክፍሉ ስፋት፣ የአልጋው ምቾት፣ የቁርሱ ዓይነት ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እናንተ እንዴት ትመርጣላችሁ? ጉዳቱንም ሳትደብቁ ንገሩኝ፤ እኔ ወደ አንድ ወገን እንዳጋደልኩ አውቃለሁ።

ጸጥታ ወዳድ

እህቴ፣ ያ ሕመም እጅግ አሳዝኖኛል። እንኳን አተረፈሽ። እኔ ግን በሆቴሉ ጸንቼ እቆማለሁ።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናግሩ መዋል ነው። ማታ በሩን ስዘጋ የማንም እንግዳ መሆን አልፈልግም። በሰው ቤት ሳርፍ ባለቤቶቹ ምንም ባይሉኝም ራሴን እቆጣጠራለሁ። ደረጃው እንዳይንቋቋ በጣቶቼ ጫፍ እወጣለሁ፤ ሻወር ለመውሰድ ሰዓቱ መሽቷል ወይ ብዬ አስባለሁ፤ ስልክ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ጠዋት ደግሞ ገና ፊቴን በቅጡ ሳልታጠብ ከማላውቃቸው ጥንዶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ከየት እንደመጣሁና ስንት ልጆች እንዳሉኝ እጠየቃለሁ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እኔ በዚያ ሰዓት የምሰጠው ነገር የለኝም።

ሌላም አለ። አውሮፕላኔ ዘግይቶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብደርስ ሆቴል ውስጥ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አለ። በሰው ቤት ግን በዚያ ሰዓት ደወል መደወል ያሳፍራል።

ካርታ አንባቢ

ዋጋውን ማንም ስላላነሣው እኔ ልጀምር። አብዛኞቹ ሆቴሎች ዋጋ የሚተምኑት በክፍል እንጂ በሰው አይደለም፤ ክፍሉ ደግሞ ለሁለት ሰው የታሰበ ነው። ብቻውን የሚመጣው ሰው ባዶውን የአልጋ ግማሽ አብሮ ይከፍላል። በቡድን ጉዞና በመርከብ ሽርሽር ላይ ይኸው ነገር «የነጠላ ተጓዥ ጭማሪ» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል፤ አንዳንዴ የሌላ አንድ ሰው ሙሉ ዋጋ ያህላል። በቆዩ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ግን ለጥንዶች የማትበቃ አንዲት ጠባብ ክፍል አትጠፋም። ባለቤቶቹ ያችን ክፍል በነጠላ ዋጋ ያከራያሉ። ሁሉም ቤት እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ ለአንድ ሰውም የሁለት ሰው ዋጋ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በድረ ገጹ ላይ ባታዩትም ጽፋችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ዝቅ ያደረጉልኝ ጥቂት አይደሉም።

«አልጋና ቁርስ» የሚለው ስያሜም ያሳስታል። በፈረንሳይ ሕግ «ሻምብር ዶት» (የፈረንሳዩ አልጋና ቁርስ) ለመባል ቤቱ ከ5 ክፍል ወይም ከ15 እንግዳ በላይ መያዝ አይችልም። ባለቤቱ ራሱ እንግዳውን መቀበል አለበት፤ ቁርሱም ከአዳሩ ጋር ነው። በኩባ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ ያገኙ ቤተሰቦች ክፍል ያከራያሉ፤ በራቸው ላይ የተገለበጠ መልሕቅ የሚመስል ሰማያዊ ምልክት ታያላችሁ። በጃፓን «ሚንሹኩ» የሚባሉት የቤተሰብ ማረፊያዎች ብዙውን ጊዜ እራትም ያቀርባሉ፤ ፍራሹን የሚያነጥፈውም በአብዛኛው እንግዳው ራሱ ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ መንገድ ዳር «ጺመር ፍራይ» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ ክፍት ክፍል አለ ማለት ነው። በሌላ ብዙ ቦታ ግን ማንም ሰው የፈለገውን ሕንፃ አልጋና ቁርስ ብሎ ሊጠራ ይችላል።

በጣም የተለመደው መደናገር ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ ከሚያከራዩበት ድረ ገጽ፣ ከኤርቢኤንቢ፣ ጋር ያለው ነው። ስሙ ራሱ «የአየር ፍራሽና ቁርስ» ከሚለው የመጣ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ሁለት አብሮ አዳሪዎች ለአንድ ጉባኤ ለመጡ ሦስት እንግዶች ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ነው የተጀመረው። ዛሬ እዚያ የምታገኙት አብዛኛው ግን ባለቤቱ የማይኖርበት ሙሉ ቤት ነው። ቁልፉን በር ላይ ካለች ባለ ኮድ ሣጥን ታወጣላችሁ፤ ከመግቢያ እስከ መውጫ የሰው ፊት ላታዩ ትችላላችሁ። አንድ ሻንጣ የምትለውን ዓይነት ጥበቃ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ቢከራይ ከሆቴሉም የባሰ ብቸኝነት ይገጥመዋል። «ባለቤቱ እዚያው ቤት ውስጥ ይኖራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ በፊት አንሡ።

ማለዳ

እኔ ደግሞ ሌላውን ገጽ ልናገር፤ መነገር ስላለበት።

ከሦስት ዓመት በፊት ብቻዬን ስጓዝ በአንድ ቤት አረፍኩ። የክፍሌ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ባለቤቱ የት እንደምሄድ፣ ከማን ጋር እንደምገናኝ፣ ለምን እንዳላገባሁ ይጠይቀኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከውጭ ስመለስ ዕቃዬ ከነበረበት ቦታ ተነሥቶ አገኘሁት። «ክፍሉን ላጸዳ ገብቼ ነው» አለኝ። እውነቱን ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ሌሊት ወንበር በሩ ላይ አስደግፌ አደርኩ፣ ሲነጋም ወጣሁ።

ሆቴል ውስጥ አንድ ሠራተኛ ቢያስቸግረኝ ለኃላፊው እናገራለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ያስቸገረኝም አቤት የምለውም አንድ ሰው ነበር። አንድ ሻንጣ «አለመምጣቴን የሚያስተውል ሰው» ስትዪ ገብቶኛል፤ ነገር ግን መምጣትና መሄዴን የሚያስተውለው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ማረፍ አልተውኩም። ግን ክፍል ከመያዜ በፊት በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ጥያቄው የሚያስቀይመው ባለቤት ካለ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው። ብቻቸውን የተጓዙ ሴቶች የጻፉትን አስተያየት ካላነበብኩ አልከፍልም። እንደደረስኩ አድራሻውን ለታላቅ እህቴ እልካለሁ፤ ባለቤቱም እየሰማኝ «እህቴ ደርሻለሁ» እላታለሁ።

አንድ ሻንጣ

ማለዳ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነሽ። እኔን ያጋጠሙኝ ደጋግ ሰዎች ስለነበሩ ትንሽ ቤት ሁሉ ደግ ቤት የሆነ ይመስል ጽፌያለሁ። በር ከፍታ የማትገባ እመቤትና ሳያንኳኳ የሚገባ ባለቤት በድረ ገጽ ፎቶ ላይ አይለዩም። መቀርቀሪያውን በጽሑፍ መጠየቅ እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ከእንግዲህ እጠይቃለሁ።

አራት ክፍል

ልጆቼ፣ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ያለሁ ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን ለአሥራ ሁለት ዓመታት አራት ክፍል አከራይተናል፤ ስሜንም ከዚያው ወሰድኩት።

ጸጥታ ወዳድ ስለ ቁርሱ የተናገረው እውነት ነው፣ ያውም ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የማንረዳው እውነት። መጀመሪያ ላይ ብቻውን የመጣ እንግዳ ሁሉ ጨዋታ የናፈቀው ይመስለኝ ነበር። ጥንዶች መሐል አስቀምጠውና እጠይቀዋለሁ፣ እጠይቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። በማግስቱ «እናቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ነበር የፈለግሁት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ቁልፉን ስሰጥ «ጠዋት ከሰው ጋር መቀመጥ ይወዳሉ ወይስ በመስኮቱ በኩል ለብቻዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ግማሾቹ መስኮቱን ይመርጣሉ። ስለዚህ እንግዶችም ሳታፍሩ ንገሩን። አናዝንም።

ማለዳ ልጄ፣ የደረሰብሽ ነገር አሳፍሮኛል። ክፍሉን የማጽዳበትን ሰዓት እኔ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ እንግዳው አልፈልግም ካለ በሩን አልነካም። እንዲህ የማያደርግ ቤት አጋጥሟችሁ ከሆነ በአስተያየታችሁ ላይ ጻፉት። ሰው ላለማስቀየም ብላችሁ «መልካም ቤት ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ከእናንተ በኋላ የምትመጣው ልጅ የምታነበው ያንን ነውና።

ሁለት ነገር ደግሞ ከእኛ ወገን። የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሩን፤ ከዘገያችሁም አንድ መልእክት ላኩ። ሌሊቱን ሙሉ በፈረቃ የሚቀመጥ ሠራተኛ የለንም፤ የምንጠብቃችሁ እኛው ነን፣ ጠዋት ቁርስ ለመሥራት የምንነሣውም እኛው። ሁለተኛው፣ ሳታሳውቁ አትቅሩ። መቶ ክፍል ላለው ሆቴል የአንድ ሰው መቅረት ምንም አይደለም፤ ለእኔ የዚያ ሌሊት ገቢ ሩብ ነው።

ፓስፖርት ስንጠይቃችሁም ቅር አይበላችሁ። በብዙ አገር ሕጉ ያስገድደናል። በሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን በስምምነት ባስቀሩት የአውሮፓ አገሮች) ለምሳሌ የውጭ አገር እንግዳ የመመዝገቢያ ቅጽ ሞልቶ እንዲፈርም በስምምነቱ ላይ ተጽፏል። አይቶ መመለስ ግን አንድ ነገር ነው፣ ይዞ ማቆየት ሌላ። እስክትወጡ ድረስ ይዤው እቆያለሁ የሚላችሁ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ምርኩዝ

ዕድሜዬ ሰባን እየተጠጋ ነው፤ ጉልበቴም አይታዘዘኝም። አልጋና ቁርስ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቤቶች ለመኖሪያ የተሠሩና ያረጁ ስለሆኑ አሳንሰር የላቸውም። የነጠላ ክፍሏ ደግሞ ሁልጊዜ ጣሪያው ሥር ናት። አንድ ጊዜ በሦስተኛው ፎቅ፣ በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ሻንጣዬን የቤቱ ልጅ ተሸክሞልኝ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ለመውጣት አልደፈርኩም። አሁን የደረጃውን ፎቶ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ የመታጠቢያውንም ጭምር። ገንዳው ከፍ ያለ ከሆነ ብቻዬን ለመግባት አደጋ ነው። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ሆቴል ቢመርጥ ይሻለዋል።

አዲስ ጀማሪ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ይበልጥ ግራ ገባኝ፤ እባካችሁ ምከሩኝ።

በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከአገር ልወጣ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አራት ሌሊት አድራለሁ። አውሮፕላኑ የሚደርሰው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ እስክወጣ ስድስት ይሆናል። እናቴ ሆቴል ካልሆነ አይሆንም ትላለች። እኔ ደግሞ የአንድ ሻንጣን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ሆቴሉ አስፈራኝ። ያየሁት ቤት አምስት ክፍሎች አሉት፣ ባለቤቶቹ እዚያው ይኖራሉ። ምን ላድርግ?

ጸጥታ ወዳድ

እናትሽ ስለ መጀመሪያው ሌሊት ልክ ናቸው። በእኩለ ሌሊት፣ በማታውቂው ከተማ፣ ስልክሽ ባትሪ ሊጨርስ ሲል መብራቱ የጠፋ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የቤት ቁጥር አትፈልጊ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሆቴል ያዢ። በማግስቱ በቀን ብርሃን ወደ ቤቱ ሂጂ። ቤቱን ባልወደድሽው እንኳ መሽቶብሽ አትቸገሪም።

ከእኔ ይህን ምክር መስማትሽ እንዳይገርምሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ለምትወጣ ልጅ ቀሪዎቹን ሦስት ሌሊቶች ሰው ያለበት ቤት ብታድሪ የሚሻል ይመስለኛል።

ካርታ አንባቢ

በጸጥታ ወዳድ ሐሳብ እስማማለሁ። ቤቱን የምትመረምሪበትን መንገድ ልጨምር። ማረፊያ በሚያዝበት ድረ ገጽ በቡኪንግ ዶት ኮም ላይ አስተያየቶችን በተጓዥ ዓይነት መለየት ይቻላል፤ ብቻቸውን የተጓዙትን ብቻ አውጥተሽ አንብቢ። ስለ ቁርሱ የተጻፈውን እለፊው። ባለቤቶቹ በምን ቃል እንደተገለጹ ተመልከቺ። «መንገድ አሳዩን»፣ «አውቶቡሱ ሲቀር ደወሉልን» የሚል ካገኘሽ መልካም ምልክት ነው። ባለቤቱ ለመጥፎ አስተያየት የሰጠውን መልስም አንብቢ፤ እንግዳውን የሚሳደብ ከሆነ ተይው።

የካሜራ ጉዳይም አለ። ኤርቢኤንቢ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤት ውስጥ ካሜራ ማድረግን ፈጽሞ ከልክሏል፤ ከዚያ በፊት በሳሎንና በመተላለፊያ ላይ እስከተነገረ ድረስ ይፈቀድ ነበር። በሌላ መንገድ የምትይዢው ቤት ከሆነ ግን በጋራ ክፍሎቹ ውስጥ ካሜራ እንዳለ ራስሽ ጠይቂ።

ማለዳ

እህቴ፣ ከምክሩ ሁሉ ይህንን ያዢ፤ ካልተመቸሽ ውጪ። ገንዘቡ ይቅር። እኔ ያን ሌሊት ወንበር በሩ ላይ አስደግፌ ያደርኩት ቀድሜ በከፈልኩት ገንዘብ ምክንያት ነበር። ለአንድ ሌሊት ሆቴል የሚበቃ ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ለሌላ ነገር አትንኪው።

አራት ክፍል

ልጄ፣ ለባለቤቶቹ የመጀመሪያ ጉዞሽ መሆኑን ጻፊላቸው። አትፈሪ። እኔ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ ከደረጃው አጠገብ ያለችውን፣ የእኛ መኝታ ቤት አጠገብ የሆነችውን ክፍል ነው የምሰጠው። ካልነገርሽኝ ግን ጣሪያው ሥር ያለችውን ልሰጥሽ እችላለሁ።

አዲስ ጀማሪ

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሆነውንም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሆቴል አደርኩ። ጸጥታ ወዳድ፣ ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ በዚያ ሰዓት የፈለግሁትም ያንን ነበር። በማግስቱ ወደ ቤቱ ሄድኩ። አስቀድሜ እንደተመከርኩት የመጀመሪያ ጉዞዬ መሆኑን ጽፌላቸው ስለነበር ሽማግሌው በር ላይ ካርታ ይዘው ጠበቁኝ። የአውቶቡሱን መስመር በእርሳስ አስምረውልኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ማታ የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠኝ። ሌላ መጓጓዣ እስካገኝ ብዙ ቆምኩ። መልእክት ልኬ «አመሻለሁ» ብዬ ስለነበር እንደተኙ ነበር የገመትኩት። ስደርስ የመግቢያው መብራት በርቷል፤ እመቤቲቱም ወጥ ቤት ውስጥ መጽሐፍ እያነበቡ ነበር። «መጣሽ?» ብለው መጽሐፉን አጠፉና ወደ መኝታቸው ገቡ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ለእናቴ ደውዬ ይህንን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ስማቸውን ጠየቀችኝ።

ማለዳ

እንኳን በደህና ተመለስሽ። መቀርቀሪያው ነበረው?

አዲስ ጀማሪ

ነበረው፤ ከመሄዴ በፊትም ፎቶውን ልከውልኝ ነበር። የሻወሩ ውሃ ግን ጠዋት ላይ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሁለቱንም በአስተያየቴ ላይ ጽፌያለሁ።